ደጋኑ ከመገዛቱ በፊት አሰልጣኙ ይፈለግ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በ2016 ዓ.ም. ክረምት በተካሄደው የፓሪስ ኦሎምፒክ የደቡብ ኮሪያው ኪም ዉጂን አሜሪካዊውን ብሬዲ ኤሊሰንን በፍጻሜው ያሸነፈው በ4.9 ሚሊ ሜትር ነበር። ሁለቱም በመለያው ቀስት 10 መቱ፤ የኪም ቀስት ግን ለመሀሉ በዚያችው ታህል ቀረበች። ከዚህ ይልቅ በማኅበራዊ ሚዲያ የተዛመተው የመጀመሪያው ዙር ነው። የቻዱ እስራኤል ማዳዬ ከዚሁ ከኪም ጋር ሲገጥም አንዷ ቀስቱ 1 ነጥብ ላይ አረፈች፤ ተሳቀበት። ሰውየው የደረት መከላከያ እንኳ ሳይለብስ፣ አብዛኛውን ሙያ በራሱ ጥረትና ከኢንተርኔት ቪዲዮ ተምሮ እዚያ መድረሱ ሲሰማ ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ።

አድናቆቱ ይገባዋል። ችግሩ ከታሪኩ የሚወሰደው ትምህርት ነው። «እንግዲያው ደጋንም ከስልክ ይለመዳል» ብሎ ዕቃውን በዘመድ ሻንጣ የሚያስመጣ ወጣት፣ ወይም ለልጁ ልደት የሚገዛ አባት፣ ገንዘቡን የሚያወጣው በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ነው። አሰልጣኙ መጀመሪያ፣ ደጋኑ በመጨረሻ መሆን አለበት። ምክንያቱን በዝርዝር ለማስረዳት ቦታ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

የምንናገረው ማነጣጠሪያና ረጃጅም ማረጋጊያ ዘንግ ስለተገጠመለት የኦሎምፒክ ደጋን አይደለም። የእኛው ባህላዊ ሪከርቭ የሚባለው ደጋን ነው፤ እጀታው በአብዛኛው እንጨት ነው፤ ሁለቱ ክንፎቹ ጫፋቸው ወደ ዒላማው የተቆለመመ ነው፤ ከአውታሩ በቀር ምንም ነገር አይንጠለጠልበትም። ቀስቱ የሚያርፈው እጀታው ላይ በተቆረጠችው ጠርዝ ላይ ነው። ማነጣጠሪያው የተኳሹ አገጭ፣ ጉንጭ፣ ትከሻና ዓይን ስለሆነ፣ አካሉ በአንድ ጣት ውፍረት ቢዛነፍ የሚያርምለት መሣሪያ የለም። አካሉን ደግሞ ራሱ አያየውም። ደጋን በሚሳብበት ሰዓት ዓይን ዒላማው ላይ ነው፤ የሚበላሹት ነገሮች ሁሉ ያሉት ከጆሮ በስተኋላ ነው።

ጥሩ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ሰዓት ደጋን አያስይዝም። መጀመሪያ የሚፈትነው ዓይን ነው። ተማሪው ሁለት እጆቹን ዘርግቶ በአውራ ጣቶቹና በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሠራል፤ በቀዳዳዋ በኩል ሁለት ዓይኖቹን ከፍቶ የአሰልጣኙን አፍንጫ ያያል። አሰልጣኙ ፊት ለፊት ስለቆመ የትኛው ዓይን በቀዳዳዋ እንደሚታየው ወዲያው ያውቃል። የሚገዛው የቀኝ ወይስ የግራ ደጋን የሚለውን የሚወስነው ይህ ዓይን ነው፤ የሚጽፍበት እጅ አይደለም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም፣ ግራ ዓይኑ የሚያይል ሰው የቀኝ ደጋን ከያዘ ቀስቶቹ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ለምን እንደሆነ ካላወቀ ወራት ሙሉ እጁን ሲያርም ይከርማል።

ቀጥሎ የመሳቢያ ርዝመት፣ ማለትም ተማሪው አውታሩን ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚስብ ይለካል። እጆች ወደ ጎን ተዘርግተው ከመሀል ጣት ጫፍ እስከ መሀል ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ለ2.5 ይካፈላል። ይህ ርዝመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወደ 68 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 27 ኢንች ገደማ ይስባል። ይህ ግምት ነው። ትክክለኛው የሚታወቀው ቀላል ደጋን ላይ፣ ኢንች የተሰመረበት ረጅም ቀስት ተይዞ፣ ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ ሲያነብለት ነው። ጀማሪ ብቻውን ሲለካ ራሱን ወደ ፊት ስለሚያወጣ ልኩ ይሳሳታል። እስከ 27 ኢንች ለሚስብ ከ62 እስከ 64 ኢንች፣ ከዚያ በላይ ለሚስብ ከ66 እስከ 68 ኢንች ርዝመት ያለው ደጋን ይስማማዋል። ያጠረ ደጋን በመጨረሻዎቹ ኢንቾች ላይ ድንገት ይከብዳል፤ አውታሩም ጣቶችን አጣምሮ ይቆነጥጣል።

ክብደት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። በክንፉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 45 ፓውንድ፣ ደጋኑ 28 ኢንች ሲሳብ የሚጠይቀው ጉልበት ነው። ከዚያ በታች ለሚስብ በእያንዳንዱ ኢንች ከ2 እስከ 2.5 ፓውንድ ይቀንስለታል፤ ለሚጨምርም በዚያው ልክ ይጨምርበታል። 45 ፓውንድ 20 ኪሎ ነው። በአንድ የልምምድ ቀን 60 ቀስት የሚወረውር ሰው በሦስት ጣቱ 12 ኩንታል ሳበ ማለት ነው። ለአደን የሚሸጠውን ይህን ደጋን ጂም የሚሠራ ጎረምሳ አንዴ ሁለቴ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ የቻለው ይመስለዋል። የሚጎትተው ግን በክንዱና ትከሻውን ወደ ጆሮው አንስቶ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚመጣው የትከሻ ሕመምና ሳይረጋጉ ቶሎ የመልቀቅ ልማድ ነው።

አዋቂ ሰው ከ20 እስከ 26 ፓውንድ፣ ታዳጊ ከ14 እስከ 20፣ ትንሽ ልጅ ከዚያም ባነሰ ይጀምር። ፈተናው ቀላል ነው፦ ደጋኑን ወደ ሰማይ ሳያነሣ በትከሻው ከፍታ ይሳበው፤ አገጩ ጋ አድርሶ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ሳይንቀጠቀጥ ይያዘው፤ ሳይለቅ ቀስ ብሎ ይመልሰው። ይህን በልምምዱ መጨረሻ፣ ከደከመ በኋላም ከቻለ ክብደቱ ልኩ ነው። ጭማሪው ከ2 እስከ 4 ፓውንድ እያለ፣ ክንፎቹን ብቻ በመቀየር ይሁን። ስለዚህ የመጀመሪያው ደጋን ክንፎቹ በብሎን የሚፈቱ ቢሆን ይመረጣል። ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራው ያምራል፤ ግን ጀማሪው ሲጠነክር አብሮት አያድግም።

ቀስቱም ቁጥር አለው። ዘንጉ በ28 ኢንች በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ተጋድሞ መሀሉ ላይ 880 ግራም ገደማ ሲንጠለጠልበት ስንት እንደሚጎብጥ ነው የሚለካው፤ 500 የተባለ ግማሽ ኢንች፣ 1000 የተባለ ሙሉ አንድ ኢንች ይጎብጣል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀስቱ ደረቅ ነው። 25 ፓውንድ ለያዘ ጀማሪ ከ800 እስከ 1000 ያለው ይሻለዋል። በብዛት የሚሸጠው 500 ግን ለእርሱ ጣውላ ነው። ርዝመቱ ከመሳቢያው ቢያንስ 2 ኢንች ይብለጥ። ያጠረ ቀስት ወደ ኋላ ሲሳብ ጫፉ ከማረፊያው ወርዶ ደጋኑን የያዘውን እጅ ሊበሳ ይችላል። ከእጀታው ጠርዝ ላይ የሚወረወር ቀስት መሪው የወፍ ላባ ይሁን፤ የፕላስቲኩ ጠርዙን ሲነካ ስለማይተጣጠፍ ቀስቱን ያነጥረዋል።

አሁን የጽሑፋችን ልብ ወደሆነው ነገር እንምጣ። ቀኝ እጁ የሚስብ ተማሪ ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ግራ ሄዱበት እንበል። ቪዲዮ ቢከፍት አንዱ «አለቃቀቅህን አስተካክል» ይለዋል፤ ሌላው «ቀስትህ ደረቅ ነው»፤ ሦስተኛው «ደጋኑን አትጨብጥ»። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አራተኛ ደግሞ ዓይኑ አለ። ምልክቱ አንድ፣ መንስኤው አራት ነው። አብሮት የቆመ አሰልጣኝ በግማሽ ሰዓት ይለየዋል። ግራ ዓይኑን ያስጨፍነውና ሦስት ቀስት ያስወረውረዋል፤ ቀስቶቹ ወደ መሀል ከመጡ ጉዳዩ የዓይን ነው። ካልመጡ ከራሱ ቦርሳ ለስለስ ያለ ቀስት ያውስና ያያል። ተማሪው ቀስቶቹን መሰብሰብ ከቻለ ላባ የሌለው አንድ ዘንግ ከሦስት ባለ ላባ ቀስቶች ጋር ከ10 ሜትር ያስወረውረዋል፤ ባዶው ዘንግ ከሌሎቹ በስተግራ ከሰፈረ ቀስቱ ደረቅ ነው። ገና ለሚበታትን ሰው ይህ ፈተና ምንም አይናገርም፤ ቪዲዮዎቹ ይህን ሲናገሩ እምብዛም አይሰማም። ቀጥሎ እጁን ያያል፦ ከለቀቀ በኋላ ጉንጩን ታኮ ወደ ጆሮው ኋላ ከሄደ ደህና ነው፤ ወደ ውጭ አየር ላይ ከተወረወረ አውታሩን ወደ ጎን ስቦታል ማለት ነው። በመጨረሻም ደጋኑ ሲለቀቅ ላይኛው ጫፉ ወደ ጎን ከዞረ የያዘው እጅ ጨብጦታል።

አሰልጣኙ የሚቆምበት ቦታም ይናገራል። ፊቱን ወደ ተማሪው አድርጎ በመወርወሪያው መስመር ላይ ሲቆም ጭንቅላቱንና የእጁን ማረፊያ ያያል፤ ከመለቀቁ በፊት ቀስቱ ወደ ፊት ሲንሸራተት የሚታየውም ከዚሁ ነው። ያ መንሸራተት ግማሽ ኢንች ቢሆን ቀስቱ ዝቅ ብሎ ይመታል። ከተማሪው ጀርባ ሲቆም የትከሻ አጥንቶቹ ወደ አከርካሪው ሲቀራረቡ ያያል፤ ካልተቀራረቡ የሚስበው ክንዱ ብቻ ነው። ከሚስበው ክርን በስተኋላ፣ በቀስቱ አቅጣጫ ሲቆም ደግሞ ክርኑ ከቀስቱ ጋር በአንድ መስመር መሆኑን ይመረምራል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቆሞ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» የሚል አሰልጣኝ ከስልኩ አይሻልም። በስልክ መቀረጽን አንቃወምም፤ ቆሞ በተተከለ ስልክ ከእነዚህ ሦስት አቅጣጫዎች መቅዳት በሁለት ትምህርት መካከል ላለው ሳምንት ይጠቅማል። ነገር ግን የምታየውን ማወቅ አለብህ፤ እርሱን የሚያስተምር ደግሞ ሰው ነው።

አቋቋሙን በአጭሩ እናንሣ። እግሮች በትከሻ ስፋት፣ ወደ ዒላማው ጎን ተሰጥቶ። ደጋኑ የሚያርፈው በአውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ ላይ ነው፤ የጣቶች መገጣጠሚያ በ45 ዲግሪ ይዘነብላል፤ ጣቶቹ አይጨብጡም። ክርኑ ወደ ውጭ ይዞራል፤ አለበለዚያ አውታሩ የክንዱን ውስጥ ይገርፋል፤ የዚያ ሰንበር አንዴ የቀመሰው ሰው ደጋን ባየ ቁጥር ይሸማቀቃል። አውታሩን ሦስት ጣቶች በመጀመሪያው መገጣጠሚያቸው ይይዙታል፤ አንድ ከቀስቱ በላይ ሁለት በታች፣ ወይም ሦስቱም በታች። ለጀማሪ ሦስቱም ከታች ቢሆን እንመርጣለን፤ ቀስቱ ወደ ዓይን ስለሚቀርብ በቅርብ ርቀት አቅጣጫውን ማየት ይቀላል። የሚስበው እጅ ማረፊያ የማይለወጥ ይሁን፦ አንድ ጣት የአፍ ጥግ ላይ፣ ላባው አፍንጫ ጫፍ ላይ። ሁለት መንካት ካለ ስሕተት ይታወቃል፤ አንድ ብቻ ከሆነ አይታወቅም።

የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አሰልቺ መሆን አለባቸው። በላስቲክ ገመድ ተጀምሮ ከ3 እስከ 5 ሜትር ርቀት ላይ፣ ምንም ምልክት ወዳልተለጠፈበት ዒላማ ይኬዳል፤ ዓይን የሚመታው ነገር ከሌለው አእምሮ ወደ ጀርባ ጡንቻ ይመለሳል። በአንድ ዙር ከ3 እስከ 4 ቀስት፣ በአንድ ቀን ከ40 እስከ 60 ይበቃል። ደክሞ የተወረወረ ቀስት የድካሙን አወራወር ነው የሚያስጠናው። የዙሩ ቀስት ሁሉ በእንጀራ ሰፌድ ሳይሆን በሻይ ሰሃን ያህል ስፋት ሲሰበሰብ ወደ 10 ሜትር፣ ከዚያ ወደ 18 ሜትር ይሄዳል፤ ይህ የቤት ውስጥ ውድድር መደበኛ ርቀት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ስሕተት ብቻ ይታረማል። በአንድ ቀስት አራት ትእዛዝ የሚሰጥ አሰልጣኝ ተማሪውን ያደነዝዘዋል።

በቸልታ የማይታለፍ አንድ በሽታ አለ። ተኳሹ ማረፊያው ጋ ሳይደርስ፣ ወይም ቀስቱ ዒላማው ላይ ሲመጣ እጁ ሳያዘው ይለቃል። በባህላዊ ደጋን ላይ ይበልጥ ይታያል፤ ከባድ ደጋን ያባብሰዋል። ራሱ ተኳሹ ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ «ፍጥነቴ ነው» ይላል። አሰልጣኙ የሚያዘው መድኃኒት እንዲህ ነው፦ ከ3 ሜትር ላይ፣ አጠገቡ ቆሞ እየጠበቀው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይወረውራል፤ ከአምስት አንዱን ብቻ ይለቃል፤ የቀሩትን አራት ስቦ፣ ሦስት ቆጥሮ፣ ይመልሳል። ቶሎ ከተያዘ በሳምንታት ይስተካከላል፤ ሥር ከሰደደ ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ደጋኑን ማዘጋጀትም ሲታይ ነው የሚለመደው። አውታሩ የሚገባው ለዚሁ በተሠራ ገመድ ነው፤ ደጋኑን በእግር መሀል አሳልፎ መቆልመም ክንፉን ያጣምመዋል። ለ62 እስከ 64 ኢንች ደጋን ከእጀታው ጉሮሮ እስከ አውታሩ ያለው ርቀት 19 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ካነሰ አውታሩን አውልቆ እንደገና በማክረር ይጨመራል፣ ከበለጠ በማላላት ይቀነሳል። ያነሰ እንደሆነ የእጅ አንጓን ይመታል፤ ይጮሃልም። ቀስቱ አውታሩ ላይ የሚሰካበት ምልክት ከቀስቱ ማረፊያ ቀጥታ መስመር 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጫፋቸው ያልተጠናከረ የቆዩ የእንጨት ክንፎች ላይ ዳክሮን ከሚባል የሚለጠጥ ክር የተሠራ አውታር ብቻ ይግባ፤ የማይለጠጠው ዘመናዊ ክር ጫፋቸውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ቀስት የሌለበትን ደጋን ስቦ መልቀቅ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ቀስቱ ይዞት የሚሄደው ኃይል ወደ ክንፎቹ ተመልሶ ይሰብራቸዋል። አዲስ ደጋን ያየ እንግዳ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ባለቤቱ ይጠንቀቅ።

ደኅንነት ላይ ድርድር የለም። በሜዳ ላይ ሁለት ፊሽካ ወደ መስመር ኑ፣ አንድ ፊሽካ ወርውሩ፣ ሦስት ፊሽካ ሄዳችሁ ቀስት አምጡ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ሁሉም ወዲያው ያቁም ማለት ነው። ወደ ዒላማው አይሮጥም፤ የተሰካ ቀስት የኋላ ጫፍ በዓይን ከፍታ ነው። ቀስት ሲነቀል አንድ እጅ ዒላማውን ይደግፋል፣ ከነቃዩ በስተኋላ ማንም አይቆምም። የካርቦን ቀስት ከመወርወሩ በፊት በሁለት እጅ ትንሽ ይጎበጣል፤ ከተንቋቋ ወይም ከተሰነጠቀ ይሰበራል እንጂ አይወረወርም፤ ስንጥሩ እጅ ውስጥ ይገባል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም ጉትቻና የላላ የአንገት ማተብ ከልብስ ውስጥ ይግባ፤ አውታሩ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል።

ውድ ዒላማ አያስፈልግም። ለ25 ፓውንድ ደጋን በአሮጌ ልብስና በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቆ የተሞላ የማዳበሪያ ጆንያ ይበቃል፤ ዚፕ፣ ቁልፍና ብረት ያለበት ጨርቅ ግን አይግባበት። ጡብ ግድግዳ ላይ ማስደገፍ አይገባም፤ የሳተ ቀስት ነጥሮ ይመለሳል። ከኋላው የአፈር ቁልል ወይም የላላ ወፍራም መጋረጃ፣ ከዚያም ባሻገር ሰውና ከብት የማያልፍበት ቦታ ይኑር። የግቢ አጥር ቀስት አያቆምም።

አሰልጣኝ ሲፈለግ ጥቂት ነገር መጠየቅ ይበቃል። የሚያውሳቸው ቀላል ደጋኖች አሉት? በአንድ ጊዜ ስንት ጀማሪ ይይዛል? ከስድስት በላይ ከሆነ ማንንም አያይም። የተማሪን ትከሻ ከመንካቱ በፊት ያስፈቅዳል? ልጆች ሲማሩ ወላጅ መቀመጥ ይችላል? በመጀመሪያው ቀን ዕቃ ሊሸጥ ከሞከረ ሌላ መፈለግ ነው። በአሜሪካ ያላችሁ የአገሪቱ የቀስት ማኅበር በደረጃ የሚመሰክርላቸውን አሰልጣኞች ዝርዝር ማየት ትችላላችሁ፤ በብሪታንያ ያሉ ክለቦች ከአባልነት በፊት የጀማሪ ኮርስ መውሰድን በአብዛኛው ይጠይቃሉ፤ ደጋኑንም ያውሳሉ። ለሀገር ቤት ዘመድ ደጋን መላክ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ጉምሩክን ይጠይቅ፤ ከዚያም ተቀባዩን ልኩን ይጠይቅ፦ የሚያይለው ዓይን፣ የመሳቢያ ርዝመት፣ የሚችለው ፓውንድ። ሦስቱን የማያውቅ ተቀባይ ገና ደጋን አያስፈልገውም።

45 ፓውንዱን አስቀድሞ የገዛም አለ። ክንፎቹ የሚፈቱ ከሆነ እጀታውን አይሽጠው፤ ለዚያው እጀታ የሚሆኑ የ25 ፓውንድ ክንፎች ይግዛ፤ የከበዱት ሳይታጠፉ፣ ከፀሐይና ከመኪና ውስጥ ሙቀት ርቀው፣ ተጋድመው ይቀመጡ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢዎቻችሁ፣ የባህላዊ ደጋን አሰልጣኞች